ማራገፊያ ከተማ

እንግዲህ ስሙኝ። ስለ ጉዞ የሚያወራ ሰው ሁሉ ከመነሻው ይጀምራል። ቪዛውን እንዴት እንዳገኘ፣ ቦርሳው ውስጥ ምን ምን እንደከተተ፣ ቤተሰቡ ምን ብሎ እንደሸኘው ይዘረዝራል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን «ከዚያ ተመለስኩ» ይልና ወሬውን ያጥፋል። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ያንን የሚዘለለውን ነው። መንገዱን በአጭሩ ልንገራችሁና እንለፈው። ከሃኖይ ተነስቼ ቬትናምን ከሰሜን እስከ ደቡብ በባቡርና በአውቶቡስ ወረድኩ። ካምቦዲያን አቋርጬ ላኦስ ገባሁ፤ ከሉዋንግ ፕራባንግ በሜኮንግ ወንዝ ላይ ሽቅብ በምትጓዝ የሕዝብ ጀልባ ተሳፍሬ ወደ ሰሜን ታይላንድ ተሻገርኩ። ልብሱ፣ መድኃኒቱ፣ ፓስፖርቱ፣ ቢጫዋ የክትባት ካርድ፣ ሁሉም ጀርባዬ ላይ ነው። ወራት አለፉ። ማብቂያው ባንኮክ ሆነ።

የረጅም መንገድ ማብቂያ ባንኮክ መሆኗ እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥራላችሁ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የምዕራብ አገር ወጣቶች ከኢስታንቡል ተነስተው፣ በቴህራንና በካቡል አድርገው፣ እስከ ካትማንዱ በየብስ ይሄዱ ነበር፤ ገፋ ያሉት ባንኮክ ይደርሳሉ። ቶኒና ሞሪን ዊለር የሚባሉ ባልና ሚስት በ1972 ከለንደን ተነስተው እስያን አቋርጠው አውስትራሊያ ገቡ። በዓመቱ ያሳተሟት ቀጭን መጽሐፍ «ሎንሊ ፕላኔት» ለተባለው የጉዞ መጽሐፍ አሳታሚ መነሻ ሆነች፤ በ1975 ደግሞ ደቡብ ምሥራቅ እስያን በትንሽ ገንዘብ ለሚዞር ሰው የሚሆን መጽሐፍ አወጡ። ከዚያ 1979 መጣ። ኢራን በአብዮት ተናጠች፣ ሶቪየቶች አፍጋኒስታን ገቡ፣ የየብሱ መንገድ ተቆረጠ። መንገደኛው በአውሮፕላን መምጣት ያዘ፤ ርካሽ ትኬት የሚገኘው፣ የየአገሩ ኤምባሲ ያለው፣ የታመመ የሚታከመው ደግሞ ባንኮክ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካኦ ሳን በሚባል መንገድ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ትርፍ ክፍሎቻቸውን ለእነዚህ ወጣቶች ማከራየት ጀመሩ። ካኦ ሳን በንጉሥ ቹላሎንግኮርን ዘመን በ1892 የተሠራ፣ ሩዝ ይሸጥበት የነበረ፣ ከዳር እስከ ዳር 400 ሜትር ግድም የሆነ መንገድ ነው። ያ አጭር መንገድ የዓለም መንገደኛ መነሻም መድረሻም ሆኖ ቀረ።

እኔ የገባሁት በሌሊት ባቡር ነው። ከቺያንግ ማይ ባንኮክ በሐዲድ 751 ኪሎ ሜትር ነው። ሲመሽ የባቡሩ አስተናጋጅ መጥቶ ፊት ለፊት የተቀመጥንባቸውን ወንበሮች ስቦ አገናኛቸው፣ ከላይ ሌላ አልጋ አወረደ፣ ነጭ አንሶላ ወጥሮ መጋረጃ ሰቀለልን። ሲነጋ የሩዝ ማሳው አልቆ የቤት ጣሪያ ብቻ ሆነ። ድሮ ቢሆን ባቡሩ ሁዋ ላምፖንግ ይገባ ነበር፤ በ1916 የተከፈተው፣ ጣሪያው እንደ ትልቅ ቅስት የተሠራው ጣቢያ። ከጥር 2023 ወዲህ ግን የሩቅ አገር ባቡሮች ወደ አዲሱና ግዙፉ ክሩንግ ቴፕ አፊዋት ጣቢያ ተዛውረዋል። አዲሱ ንጹሕ ነው፣ ሰፊ ነው፤ ልቤ ግን አሮጌው ጋ ነው። በኋላ ሄጄ አየሁት። አንዳንድ ተራ ባቡሮች ዛሬም ይገቡበታል፤ ሐዲዱ ሰተት ብሎ እስከ አዳራሹ ስለሚደርስ ከባቡር የወረደ ሰው በጥቂት እርምጃ ከተማው መካከል ነው።

ካኦ ሳን አጠገብ ሆስቴል ያዝኩ። ስለ መንገዱ ብዙ ተብሏል፤ ሙዚቃው፣ የተጠበሰው ጊንጥ፣ የልብስ ሰፊዎቹ ጥሪ፣ እኛ ባጃጅ የምንለው ቱክቱክ። ይህን ሁሉ እዚያ ደርሶ የመጣ ሁሉ ይነግራችኋል። እኔን የያዘኝ ከኋላ ባሉት ጠባብ መንገዶች ውስጥ ያለው ሥራ ነው። በየደጁ ሚዛን አስቀምጠው ልብስ በኪሎ የሚያጥቡ ሴቶች አሉ። ወራት ያልታጠበ የመሰለ ልብሴን ይዤ ሄድኩ። ሴትዮዋ መዘነችው፣ ቁጥሩን በወረቀት ጻፈች፣ ከዚያ ከክምሩ መካከል አንድ ሱሪ መዛ አወጣች። ጉልበቱ አልቋል፤ ወደ ብርሃን ይዛው ጣቷን በቀዳዳው በኩል አሳየችኝ፤ ከዚያ ሱሪውን ወደ ቆሻሻው በርሜል ጠቆም አድርጋ በዓይኗ ጠየቀችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። መልሳ መዘነችና ሒሳቡን ቀነሰችልኝ። ማራገፍ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ማራገፍ ማለት እንዲህ ነው። በየሆስቴሉ አንድ መደርደሪያ ወይም ሳጥን አለ፤ የሚሄደው ያስቀምጣል፣ የሚመጣው ያነሳል። ግማሽ የቀረ የፀሐይ ቅባት፣ የኤሌክትሪክ መሰኪያ፣ ጥግ ጥጉ የተተለተለ መጽሐፍ፣ የወባ ትንኝ መከላከያ፣ የእግር ጣት የሚያሳይ ጫማ። ማንም «ስንት ነው» አይልም፣ ማንም ስሙን አይጽፍበትም። አንዳንዱ ዕቃ ከባለቤቶቹ ሁሉ በላይ መንገድ ሄዷል።

አንድ ማለዳ ሆስቴሉ በረንዳ ላይ ዕቃዬን ዘርግፌ ስለይ አንድ ጠይም ወጣት ቆሞ አየኝ።

«ሀበሻ ነሽ?»

«አዎ፣ ከአዲስ አበባ። አንተስ?»

«ከእስራኤል። አያቴ ከጎንደር ናት።»

የእስራኤል ወጣቶች የውትድርና ግዳጃቸውን ሲጨርሱ ቦርሳ አዝለው ለወራት መውጣታቸው የታወቀ ነው፤ ራምቡትሪ በሚባለው መንገድ ላይ በዕብራይስጥ የተጻፈባቸው ምግብ ቤቶች ያሉትም ለዚህ ነው። ይህ ልጅ ትናንት ገና መግባቱ ነበር። ቦርሳው አዲስ ነው፣ ማሰሪያው እንኳ አልለሰለሰም። አጠገቤ ቁጭ አለና አማርኛውን እየፈለገ ያወራኝ ጀመር። እናቱ በአማርኛ ትቆጣዋለች፣ እሱ በዕብራይስጥ ይመልሳል፤ ቤታቸው ውስጥ ሁሉም ነገር እንዲህ ነው። ከአያቱ ጋር ብቻ ግን አማርኛ የግድ ነው፤ እሷ ሌላ አትሰማም። አሁን ወደ ላኦስ ሊወጣ ነው።

ያለኝን አወጣሁ። የላኦስ ኪፕ ገንዘብ ከአገሩ ውጭ የሚመነዝረው ብዙም የለም፤ የተረፉኝን ኖቶች ሰጠሁት። ቀጥሎ የዝናብ ካፖርቴን ሰጠሁት። አረንጓዴ ነው፣ ከቦርሳ በላይ የሚለበስ፣ አንድ ኪሱ የተጣፈ። ዝናብ በማያባራባት በቬትናሟ ሁዌ ከተማ ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ከመደርደሪያ አውርዳ የሰጠችኝ ነው፤ እሷም ከሄደ እንግዳ የቀረ ነው ብላኛለች። ልጁ ኪሱ ሲገባ ከለከልኩት።

«እኔም ተሰጥቶኝ ነው» አልኩት።

ተነስቶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ጎንበስ አለ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ።» የአያቱን አነጋገር በእሱ አፍ ሰማሁት፤ እኩዮቼ አዲስ አበባ ውስጥ «አመሰግናለሁ» የሚሉበት ቦታ ላይ። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ አልጋው ባዶ ነበር፤ ካፖርቱም ሄዷል።

ከዚያ በኋላ ቦርሳዬ ቀለለ፤ የቀረኝም ጊዜ ብቻ ነው። ልብ በሉልኝ፣ ልነግራችሁ የፈለግሁት እዚህ ላይ ነው። መንገድ ላይ ሳለሁ በአንድ ዓይኔ ከተማውን፣ በሌላው የሚቀጥለውን አውቶቡስ ሰዓት ነበር የማየው። የትም ደርሼ «ቀጥሎስ?» ሳልል ያደርኩበት ቀን አልነበረም። ባንኮክ ላይ ቀጥሎ የሚባል ነገር አለቀ። ብዙ መንገደኞች እነዚህን የመጨረሻ ቀኖች ይጥሏቸዋል፤ ክፍላቸው ውስጥ ይተኛሉ፣ «ባንኮክ ጫጫታና ሙቀት ብቻ ናት» ይላሉ፣ አውሮፕላን ይጠብቃሉ። ይህን በደል እለዋለሁ፤ ከተማይቱንም ይበድላሉ፣ ራሳቸውንም ይበድላሉ። ምንም የማይፈልግ ሰው አጥርቶ ያያል። እኔ የዚያን መንገድ ሁሉ ምርጥ ቀኖች ያየሁት ማለቂያው ላይ ነው።

ቤተ መንግሥቱን አየሁ፣ በዋት ፖ ቤተ መቅደስ የተጋደመውን 46 ሜትር ቡድሃም አየሁ፤ የሚታዩ ናቸው። ባን ባት በምትባል ሰፈር ያገኘሁት ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። ወርቃማው ተራራ ከሚባለው ቤተ መቅደስ ብዙም አትርቅም፤ ሰው ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን ሊያልፍባት በሚቸገር መንገድ ውስጥ ናት። የምትገኘው በጆሮ ነው፤ መዶሻ ተከትላችሁ ትገባላችሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አሮጌዋ ዋና ከተማ አዩታያ በ1767 በበርማ ጦር ወደመች። በ1782 የመጀመሪያው ራማ የሚባለው ንጉሥ ባንኮክን ዋና ከተማ አድርጎ መሠረተ፤ ከወደመችው ከተማ የተረፉ ባለ እጆችም መጥተው በየሙያቸው ሰፈሩ። ባን ባት መነኮሳት ማልደው ምጽዋት የሚቀበሉበትን የብረት ሳህን የሚሠሩ ሰዎች ሰፈር ናት። ሳህኑ ከስምንት ቁራጭ ብረት ይገጠማል፤ ስምንትነቱ ቡድሃ ያስተማረውን ስምንት ፈርጅ ያለው መንገድ ያስታውሳል። ዛሬ ፋብሪካ በአንድ ምት ይጨፈልቀዋል፣ መነኮሳቱም የሚይዙት በአብዛኛው ያንኑ ነው። በእጅ የሚሠሩት ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ ቀርተዋል።

አንዲት አሮጊት በደጃቸው ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። ቋንቋ የለንም። ጎናቸው ያለውን ሌላ በርጩማ በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ፣ ተቀመጥኩ። ክቡን ጠርዝ አንስተው አሳዩኝ፤ ከዚያ መስቀል ሆነው የሚያያዙትን ቁራጮች፣ ከዚያ የቅጠል ቅርጽ ያላቸውን መሙያዎች። የቁራጮቹ አፍ እንደ ጥርስ ተሰንጥቆ አንዱ በሌላው ውስጥ ይነክሳል። መዳብ በእሳት ቀልጦ ክፍተቱን ይሞላዋል። ከዚያ መዶሻ ነው፤ አናቷ የተለያየ ብዙ መዶሻ አላቸው፣ ሳያዩ እጃቸውን ይሰዱና የሚፈልጉትን ያነሳሉ። ጉብታውን ሲመቱ ሳህኑ በግራ እጃቸው ዝግ እያለ ይዞራል፤ ምቱ አይፈጥንም አይዘገይም። አንዱን ያለቀ ሳህን አንስተው በጥፍራቸው ነካ ሲያደርጉት ድምፁ ረዥም ሆኖ ወጣ። ገና ያላለቀውን ነካ አደረጉት፤ ደነዝ ነው። ሁለቱን እየነኩ አዩኝ፣ እስኪገባኝ ድረስ። ገባኝ፤ ሥራው ማለቁ የሚታወቀው በድምፅ ነው። ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ላቤ ይወርዳል፤ ከዚያ በርጩማ ግን ለመነሳት ልቤ እንቢ አለኝ። ሳህን አልገዛሁም፤ መግዣውም ስላልነበረኝ ብቻ ሳይሆን አራግፌ ስለጨረስኩ ነው። አሮጊቷም ግዢ አላሉኝም።

ከዚያ ብዙ ሳይርቅ የሴን ሴፕ ቦይ ጀልባ መነሻ አለ። ቦዩ በሦስተኛው ራማ ዘመን ከ1837 እስከ 1840 የተቆፈረ ነው፤ ወታደርና ስንቅ ወደ ምሥራቁ ጦር ግንባር ለማድረስ ታስቦ። አሁን ከሥራ የሚመለስ ሰው ይጓዝበታል። ውሃው ጥቁር ነው፣ ሽታም አለው። ጀልባዋ ቆማ አትጠብቅም፤ ዘላችሁ ትገባላችሁ። ገንዘብ ሰብሳቢዋ የራስ ቁር አድርጋ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ ገመድ ይዛ ትሄዳለች። ሌላ ጀልባ ሲመጣ ውሃ ስለሚረጭ ዳር የተቀመጠው ሰው ገመድ ስቦ የላስቲኩን መከለያ ያነሳል፤ ውሃው ሲያልፍ ይለቀዋል። ዳር ስለተቀመጥኩ ተራው የእኔ ሆነ። አጠገቤ ያለች ነርስ የመሰለች ሴት መቼ እንደምስብ በክርኗ ትነግረኝ ነበር። ከተማ ውስጥ እንግዳ ሆኖ ሥራ ሲሰጡት ደስ ይላል።

ምሽት ምሽት ደግሞ በ1783 ከተሠራው ከፕራ ሱሜን ምሽግ ሥር ያለች የወንዝ ዳር መናፈሻ እሄዳለሁ። ልጆች ይሯሯጣሉ፣ እናቶችና ሽማግሌዎች በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ስፖርት ይሠራሉ። ልክ 12 ሰዓት ሲሆን ብሔራዊ መዝሙሩ ይለቀቃል፤ ሁሉም ባለበት ይቆማል። የሮጠው ይቆማል፣ ኳሷ ብቻዋን ትንከባለላለች፣ አይስክሬም ሻጩ ማንኪያውን ይዞ ቀጥ ይላል። መዝሙሩ ሲያልቅ ሁሉም ካቆመበት ይቀጥላል። እኔም ከእነሱ ጋር ቆምኩ።

ባንኮክ ሌላ ገጽም አላት፤ እሷ የእኛዋ ናት። ሱኩምቪት በሚባለው ሰፊ ጎዳና፣ ሶይ 3 አካባቢ፣ በ1980 የተቋቋመው ቡምሩንግራድ ሆስፒታል አለ፤ ከኢትዮጵያ ለሕክምና የሚመጡ ሰዎችን በዚያ ሰፈር ታገኛላችሁ። እንጀራም ይገኛል። ምሳዬን እዚያ በላሁ፤ ከወራት በኋላ የመጀመሪያው እንጀራዬ ነው፣ ሽሮዬን እስከ መጨረሻዋ ጠርጌ ጨረስኩ። አጠገቤ ከተቀመጡት አንዱ የኦፓል ነጋዴ ነበር። ከወሎ፣ ከደላንታ ወረዳ የሚወጣው የወገል ጤና ኦፓል በ2008 ከታወቀ ወዲህ ባንኮክ ከሚገበያዩበት ዋና ዋና ቦታዎች አንዷ ናት። ድንጋዩ በሲሎም ጎዳና አካባቢ ባሉ የከበሩ ድንጋይ ሱቆች በነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ እንደሚገላበጥ፣ ገዢው በመብራት ሥር እንዴት እንደሚያየው ነገረኝ። ሌሎቹ አስታማሚዎች ናቸው። የሚያወሩት ስለ ምርመራ ውጤት፣ ስለ ሐኪም ቀጠሮ፣ ስለ ዶላር ምንዛሬ ነው። እዚያ ስቀመጥ ያቺ ከተማ ለስንቱ ሰው ስንት ዓይነት ማብቂያ እንደሆነች አሰብኩ።

በረራው ሌሊት ነው። ሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሰልፍ ላይ ስደርስ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ካርቶንና ሻንጣ መተላለፊያውን ዘግቶታል፤ ከፕራቱናም ገበያ የተጫነ ልብስ ነው። አንዷ ነጋዴ የእኔን ባዶ የመሰለ ቦርሳ ዓይታ መጣች።

«እህቴ፣ ኪሎ ይተርፍሻል?»

«ይተርፈኛል፤ ግን የማላውቀውን ዕቃ አልይዝም፣ ይቅርታ።»

«ልክ ነሽ» አለችና ሳትቀየም ወደሚቀጥለው ሰው ሄደች።

ከፊቴ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አንዲት እናት ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል፤ ልጃቸው ከኋላ ይዛቸዋለች። ዞር ብለው አዩኝ።

«አንቺስ ልጄ፣ አሞሽ ነው የመጣሽው?»

«ደህና ነኝ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ንግድ ነው።»

«ንግድም አይደለም። አገር ለማየት ነው።»

«ለማየት ብቻ? ብቻሽን?»

«መንገድ ላይ ሰው አይጠፋም፣ እማማ።»

ጥቂት አሰቡና፣ «እኔ ያየሁት የሐኪም ቤቱን መስኮት ነው» አሉ። «ማለዳ ማለዳ ብርቱካናማ የለበሱ፣ ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ ነበሩ። ምንድን ናቸው?»

መነኮሳት መሆናቸውን፣ ሳህን ይዘው ምግብ እንደሚቀበሉ፣ ሳህኑን የሚሠሩትን አሮጊት ሁሉ ነገርኳቸው።

«የቆሎ ተማሪዎች ናቸዋ!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ታዲያ ውሻ አይነክሳቸውም?»

«ውሻው ለምዷቸዋል፣ እማማ። እነሱም እንደኛዎቹ አይጣሩም፤ ዝም ብለው ቆመው ይቀበላሉ።»

«ሳይጣሩ! እንዴት ተደርጎ?»

ውስጥ ገብተን የመቀመጫ ቁጥራችንን ስናይ ሩቅ ለሩቅ ነን። ልጃቸው የእኔን ወረቀት ከእጄ ወስዳ የእሷን ሰጠችኝ። «ከገባን ጀምሮ አልተኛሁም» አለችኝ። «እማዬ አንቺን ትስማ።» እስከ አዲስ አበባ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው። አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት እማማ ቀበቷቸውን አሳሰሩኝና ስለ ቡና ጠየቁኝ፤ በሄድኩበት አገር ይጠጣ እንደሆነ። ሃኖይ ውስጥ ቡናን በተመታ የእንቁላል አስኳል እንደሚጠጡት ነገርኳቸው።

«እንቁላል? ቡና ውስጥ?»

«በ1946 ወተት ጠፍቶ ነበር እማማ፤ አንድ የሆቴል ቡና አፍይ በወተቱ ፈንታ እንቁላል መትቶ አደረገበት። ሰው ወደደው፣ ዛሬም ድረስ አለ።»

«ሲቸግር ነዋ» አሉ፤ «ሰውዬው ባለሙያ ነው። ስኳር ያደርጉበታል?»